ዳገቱ ላይ የሚወርደው ግፊት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በሙሉ ጤና፣ በሙሉ ጉልበት ያግኝህ። የእኛም ነገር ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። እናቴ «የእህትነቴን ሰላምታ ከራስሽ አስቀድመሽ አድርሺልኝ» ብላኝ ነበር፤ ቸኩዬ የራሴን አስቀድሜያለሁና እንዳትነግርብኝ።

የቸኮልኩበትን ልንገርህ። ከባሕር ማዶ የላክህልን ሚኒባስ ዳገት እምቢ ብላለች። እንደምታውቀው እዚህ ያለው ጤና ጣቢያ የራሱ አምቡላንስ የለውም። ምጥ የጠናባትን፣ ደም የሚፈሳትን ከጋራው ማዶ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል የማደርሰው እኔ ነኝ። ሜዳ ላይ መኪናዋ እንደ ቅቤ ነው የምትሄደው። ዳገቱን አጋምሳ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ስትደርስ ግን ትንተባተባለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ትንሽ ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ሆና ትነሳለች። በቀደም አንዲት እናት እዚያው ጥምዝ ላይ ወለደች። ነርሷ መኪናው ውስጥ ስታዋልዳት እኔ በሻርፔ መስኮቱን ጋረድኩ። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ነርሷ እጇን እየታጠበች «ዛሬ ያዋለደን ዕድል ነው፤ ሁልጊዜ አይገኝም» አለችኝ።

አባባ በሽታዋን አውቄዋለሁ ይላል። «ጠምቷት ነው» ብሎ፣ አናቱ ላይ ብሎን ያለው የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ከመለዋወጫ ሻጩ ገዝቶ ገጠመላት። በቆመች ቁጥር ኮፈኑን ከፍቶ ብሎኑን ይጠመዝዛል፤ ግፊቱ ሲጨምር ነዳጁም ይበዛላታል ነው ነገሩ። ያንተም መምህር ነውና ታውቀዋለህ፤ ከተማው «ጆሮ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም፣ የካርቡራተርን ሕመም ከመንገድ ማዶ ሰምቶ ይናገራል። ይህቺን ግን የሰማት አይመስለኝም። ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ካንዴላዎቿ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ዳገቱ ላይም እንደ ድሮዋ ትቆማለች።

ላንተ መጻፌን አያውቅም። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ስምህን አንስቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ «ከፍቼ የማላየውን መኪና አትላክልኝ ብዬው ነበር» አለ። ስልክ ቤት ሄጄ ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ኦፕሬተሯ የአባባ ደንበኛ ሚስት ናት፣ ገና ሳልዘጋው ወሬው ጋራዥ ይደርሳል። እናቴማ «ወንድሜም ባሌም ጆሯቸው ለሞተር እንጂ ለሰው አልተሠራም» ትላለች።

ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፍልኝ።

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 3

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ መንገድሽ ይቅና፣ የያዝሽው መሪ ሁልጊዜ ወደ ቤትሽ ይመልስሽ። እህቴን እቀፊልኝ። ደብዳቤሽ እዚህ ወዳለው ጋራዥ ሄዶ፣ ዞሮ ዞሮ ነው የደረሰኝ። ከእንግዲህ በፖስታው ጀርባ ባለው አድራሻ ላኪልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ያ ብሎን ያለ መለኪያ አይነካ። የካርቡራተር ሕመም በጆሮ ይታወቃል፤ የዚህች መኪና የነዳጅ ግፊት ግን የመለኪያ መርፌ ካላዩ አይታወቅም። ይህን ለጋሼ በዚህ አፍ እንዳትነግሪያቸው። እኔ ካንዴላ መፍታት የተማርኩት በእሳቸው እጅ ነው።

ፓምፑ ያለው ታንኩ ውስጥ ነው። እሱ ቤንዚኑን ይገፋል፤ መቆጣጠሪያው ለሞተሩ የሚበቃውን ያስቀርና ትርፉን ወደ ታንኩ ይመልሳል። ከመቆጣጠሪያው ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ እሷ ስትነቀል ግፊቱ ሦስት ባር መሆን አለበት፤ ስትመለስ ወደ ሁለት ተኩል ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ሊያቃጥል ከሚችለው በላይ እየተጋተ ነው። ጭሱም ሽታውም ከዚያ ነው።

ዳገት ላይ ቆማ፣ አርፋ የምትነሳ ከሆነ ግን እኔ የምጠረጥረው ብሎኑን ሳይሆን ቤንዚኑ ወደ ፓምፑ የሚገባበትን መንገድ ነው። ጉሮሮው የታነቀን ሰው ብርጭቆውን ብትሞዪለት አይጠጣም።

የምፈራው ሌላ ነው። ላስቲክ ቱቦዎቿ አርጅተዋል፤ ያን ያህል ግፊት አይችሉም። አንዱ ከለቀቀ ቤንዚኑ የሚረጨው የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ነው። ሽታ ከበዛብሽ መጀመሪያ ቁልፉን አጥፊ፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መለኪያ በሰው እልካለሁ፤ ወደዚያ የምትመጣ አንዲት ነጋዴ አግኝቻለሁ። እስኪደርስሽ ዳገቱን አትውጪ።

ለጋሼ ሰላምታ… ተይው፣ ይቅር።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ሰላምታዬን ባሳጥር አትቀየመኝ። መልስህ አልደረሰኝም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ገና ፊቴን ሲያይ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ትናንት አንድ ሽማግሌ ታማሚ ከነልጃቸው ጭኜ ስወጣ ከወትሮው የባሰ ሽታ ሸተተኝ። ልጃቸው ከኋላ ሲጋራ ለኮሰ።

«አጥፋው» አልኩት።

«መስኮቱ ክፍት ነው እኮ።»

«ቤንዚን ይሸታል።»

«ሾፌር ሴት ስትሆን አፍንጫዋ ይረዝማል» አለና ሳቀ።

መኪናዋን ዳር አስይዤ አጠፋሁና ወረድኩ። ካላጠፋህ አልነዳም አልኩት። አባቱ ራሳቸው ከአፉ ነጥቀው ረገጡት። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ ላይ ያለው ቱቦ ጫፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንደምንም፣ ጥምዙ ላይ እንደ ልማዷ ቆማ፣ አርፋ፣ አደረሰችን።

ስመለስ ለአባባ አሳየሁት። ማሰሪያውን አጠበቀውና «በቃ» አለ። ከዚያ ብሎኑን ደግሞ ትንሽ ጠመዘዘው።

«አባባ፣ እስቲ ተወው» አልኩት።

«አንቺ መሪሽን ያዢ» አለኝ።

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያው ቀጥሮኛል። አልሄድም ብል ሌላ መኪና የለም። ብሄድ የሚሆነውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ ዝም ብለሃል።

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 26

ይድረስ ለአጎቴ፣

ፈጣሪ እንዲህ ካለው ቀን ይሰውርህ። የኅዳር 3 ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ዘገየ።

በጻፍኩልህ ማግስት፣ ከመውጣቴ በፊት አባባ «አስነሺያትና አንድ ጊዜ ልስማት» አለኝ። እኔ መሪው ላይ ነኝ፤ እሱ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሷል። የነዳጅ ገመዱን በእጁ እየሳበ ሞተሩን አስጮኸው። ያኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ፍንዳታ አይደለም፣ እንደ ፉጨት ያለ ነው። ቱቦው ከቦታው ወልቆ ቤንዚኑ ፊቱ ላይ ተረጨ። ቁልፉን አጠፋሁ። እንዴት እንዳጠፋሁት አላስታውስም። ስወርድ የጭስ ማውጫው ላይ የፈሰሰው እየተነነ ነው፣ መሬቱ በቤንዚን ርሷል። እሳት አልተነሳም። ለምን እንዳልተነሳ አላውቅም።

አባባ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ቆሟል። «ባትሪውን ፍቺ» አለ። «ዓይኔን» አላለም። እናቴ በባልዲ ውሃ ታፈስለታለች፣ እኔ የባትሪውን ሽቦ እፈታለሁ። ነርሷ መጥታ ግራ ዓይኑን በፋሻ አሸገችው። ያያል ብላለች፤ «ይመስለኛል» የምትል ቃል ግን ጨምራበታለች።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ይሄዳል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ምንም ነገር አይነካም። መኪናዋን ዞር ብሎ አያያትም። ከትናንት በስቲያ አንዲት ነፍሰ ጡር ዳገቱን በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ወጣች። ተሸካሚዎቹ በጋራዡ በር ሲያልፉ አባባ ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ መሬት መሬት አየ።

ደብዳቤህን ላነብለት ይዤ ሄጄ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 30

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ይህን ወረቀት ከዚያች መኪና ያስቀድመው። የኅዳር 9 ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

አትውጪ። ጠብ ጠብ የሚል ቱቦ ማሰሪያ በማጥበቅ አይድንም። ጋሼን እምቢ በያቸው። እኔን ምክንያት አድርጊ፣ ስሜን ጥሪ። ቢቆጡም በእኔ ይቆጡ፤ እኔ ሩቅ ነኝ። ካልሰሙሽ ቁልፉን ለእናትሽ ስጪያት። ዕቃ መደበቅ ታውቅበታለች፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የብስክሌቴን ጎማ ደብቃብኝ ክረምቱን ሙሉ በእግሬ ሄጃለሁ።

መለኪያው ተልኳል፤ ሴትዮዋ ዛሬ ተነስታለች። አዲስ ቱቦም አብሬ ልኬያለሁ። አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት የፓምፑን ፊውዝ ንቀሉና ሞተሩን አስነሱት፤ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ፣ ግፊቱ ያኔ ይወርዳል።

ምንም እንዳልሆናችሁ ጻፊልኝ። ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን ብቻ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 25

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣

እንቅልፍህ የሰላም ይሁን፤ ሁላችንም አለን። የአባባ ዓይን አሁን ተከፍቷል፣ ዳር ዳሩን ብቻ ይደበዝዝበታል። የመጨረሻውን ደብዳቤህን እናቴ ስታነብ አለቀሰች፤ ጎማው ጋ ስትደርስ ደግሞ ሳቀች።

ነጋዴዋ መለኪያውን ቤት ታመጣልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ጠይቃ ጠይቃ ጋራዥ መጣች፤ ደንበኛ በሞላበት «አጎትሽ የላከልሽ ነው» ብላ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አባባ ዓይኑ ገና እንደታሸገ ነው። ከወንበሩ ሳይነሳ፣

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«የነዳጅ ግፊት መለኪያ።»

«ማን ነገረው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ዓይንህ ሳይጎዳ።»

ደንበኞቹ ሁሉ በየተራ ጉዳይ ትዝ አላቸው። ብቻችንን ስንቀር ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም።

«ስንት መሆን አለበት ይላል?»

«ቀጭኗ ቱቦ ተነቅላ፣ ሦስት።»

ተነሳ። አሮጌውን ቱቦ በላክኸው ለወጠው፣ መለኪያውን ገጠመው፣ ቀጭኗን ቱቦ ነቀላት፣ ሞተሩን አስነሳሁለት። መርፌዋ አምስትን አልፋለች። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ አየ። የብሎኑን ማሰሪያ ዳዶ አላላ፣ ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ግራ መለሰ፤ መርፌዋ ሦስት ላይ ስትቆም ዳዶውን አጠበቀና ቀጭኗን ቱቦ መለሳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይኸው የዚያ ልጅ ሦስት። አሁን ዳገቱን እንወጣለን። ከቆመች ይህን ብረት ጠቅልለሽ ትመልሺለታለሽ።»

የመለኪያውን ረጅም ቱቦ በኮፈኑ ጠርዝ አውጥተን መለኪያውን ከፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። አባባ ጋቢና ተቀምጦ ዓይኑን ከመርፌዋ አልነቀለም። ሜዳው ላይ «ሁለት ተኩል» ይላል። ዳገቱን ይዘን ነዳጅ ስረግጥ «ሦስት» አለ፤ ድምፁ ውስጥ እልህ አለ። የመጀመሪያውን ጥምዝ አለፍን። «ሦስት።» ከዚያ ወደ መርፌዋ ጠጋ አለ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ሁለት ተኩል።»

«ነዳጅ እኮ ረግጫለሁ።»

«ሁለት። እየወረደች ነው።»

መኪናዋ መንተባተብ ጀመረች። «አንድ ተኩል» ሲል ሞተሩ ጠፋ።

ሞተር ሲጠፋ ፍሬን እንደሚከብድ ታውቃለህ። በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤ መኪናዋ ግን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፣ ከኋላችን ደግሞ ገደል ነው። የእጅ ፍሬኑን እየሳብኩ ወደ ጋቢናው ስዞር አባባ የለም። ዘሎ ወርዶ ኖሮ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲወትፍ ሰማሁ። ቆመች።

ስወርድ ጎማውን ተደግፎ ያለከልካል። መለኪያውን ጠቅልይ የሚለኝ መሰለኝ።

«ቆመች» አልኩት።

«ቆመች። ጠምቷታል ብዬ ነበር፣ ይኸው ጠምቷታል።» ትንፋሹን ሰበሰበና «ዳገቱ ሥር ሦስት፣ ጥምዙ ላይ አንድ ተኩል። ብሎኑን በመሃል ማንም አልነካውም። ጉሮሮዋ ነው የታነቀው» አለ።

ያንተን ደብዳቤ አላነበብኩለትም፤ ከራሱ ያወጣው ነው። ይህንን ቃል ያስተማረህ እሱ መሆኑን ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

አርፋ ስትነሳልን ቁልቁል በዝግታ ወረድንና ታንኩን አወረድነው። ፓምፑ አፍ ላይ ያለው ወንፊት ጭቃ የነከሩት ካልሲ ይመስላል። ከታንኩ ሥር ዝገትና አቧራ ተጋግሯል። እኛ ቤንዚን የምንገዛው ከበርሜል ነው፤ በርሜሉን ማንም አጥቦት አያውቅም። ዳገት ላይ አጥብቃ ስትስብ ቆሻሻው ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ስታርፍ ይረግፋል። አባባ ታንኩን በራሱ እጅ አጠበ፣ ወንፊቱንና ፊልትሮውን በአዲስ ለወጠ፣ ግፊቱን ደግሞ ሦስት ላይ አረጋገጠ።

ለሙከራ ልንወጣ ስንል ነርሷ እየሮጠች መጣች። ምጥ ነው፤ ልጁ በእግሩ መጥቷል። ሙከራችን ያ ሆነ። አባባን «ካልያዘችስ?» አልኩት። «በቃሬዛ ከምትወጣ ይሻላል፤ ድንጋዩን ጋቢና ይዤዋለሁ» አለኝ። እውነትም እግሩ ሥር አስቀምጦታል።

ሴትየዋ ከኋላ ታቃስታለች፣ አባባ ከፊት መርፌዋን ይጠራል። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ እጄ መሪው ላይ በላብ ይንሸራተታል። «ሦስት» አለ። «ሦስት። ሦስት። ንጂ፣ ሦስት ናት።» ሴትየዋ በዚያ ምጥ መሃል «ይህ ሰውዬ ምን እያለኝ ነው፣ ሦስት ልወልድ ነው እንዴ?» አለች። ነርሷ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ደረስን። ልጁን በኦፕሬሽን አወጡት። አንድ ነው፤ እናቱም እሱም ደህና ናቸው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ አባባ «የዚያ ልጅ አድራሻ ለምን ተለወጠ?» አለኝ። ፖስታውን አይቶት ኖሯል።

«አላውቅም» አልኩት።

«ጋራዥ የሚሠራ ሰው መለኪያውን ከእጁ አያወጣም። ጠይቂው።»

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ።

የእህትህ ልጅ


ጥር 19

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

የጋሼን ዓይን ለመለሰ፣ አንቺንም ከገደል አፋፍ ላቆመ ምስጋና ይግባው። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታዬ በር ላይ ከፍቼ የዳገቱ ታሪክ ጋ ስደርስ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው የጨረስኩት። ድንጋዩ ባይገኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

ስለተጠየቅሁት። ለእህቴ ስል ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን ከጠየቁ አይዋሽም። ጋራዡ ተሸጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች መኪናው ላይ ሰክተው በሽታውን የሚያነቡበት ማሽን አመጡ። ማሽኑ የሚናገረውን የሚረዱ ወጣቶች ተቀጠሩ። እኔን መጀመሪያ ጎማ ክፍል አዛወሩኝ፣ ቀጥሎ ወለል አስጠረጉኝ፣ ከዚያ አያስፈልግም አሉኝ። አሁን አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አወርዳለሁ። ወገቤ አልወደደውም፤ እኔም አልወደድኩትም። መለኪያው ሥራ ፈቶ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ነበር። እናንተ ጋ ሥራ አገኘ።

አንድ ቀን፣ ገና ወለል እጠርግ ሳለሁ፣ አንድ አዲስ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሞ አየሁ። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ክዳን ሸፍነውታል። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ብዙ ቆሜ አየሁት። ጋሼ «ከፍቼ የማላየውን መኪና አትላክልኝ» ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ይህን ለእሳቸው አታንብቢላቸው። ወይም እንዳሻሽ አድርጊ።

አጎትሽ


የካቲት 12

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣

ወገብህን ይማርልህ፤ እናቴ ከዚህ ሌላ ሰላምታ አትጻፊ ብላለች።

አነበብኩለት። የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ማንበብ ስጀምር ቁልፉ ብረቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ጎማ ክፍል ጋ ስደርስ ድምፁ ጠፋ። ጨርሼ ቆምኩ። ከመኪናው ሥር ሳይወጣ «የፕላስቲክ ክዳኑን ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት።

ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ግቢውን አሳየኝ። የዳገቱ ወሬ ከተሰማ ወዲህ እንደ እኛዋ ያሉ፣ ካርቡራተር የሌላቸው ኢንጄክሽን መኪናዎች ከሩቅ ሳይቀር ተጎትተው መጥተው ተደርድረዋል። አንዳንዶቹን ከፍቷል፣ አንዳንዶቹን ዙሪያቸውን ዞሮ ትቷቸዋል።

«እዚያ የጠገቡት መኪና ሁሉ መጨረሻው እኛ ጋ ነው» አለኝ። «መኪኖቹን የሚያውቀውን ሰው ምን ሆነው ነው ካርቶን የሚያሸክሙት? አብሯቸው ይምጣ። ጻፊለት። ጠዋት የሚያረፍድ ከሆነ ግን እዚያው ይቅር በይው።»

«እንዲህ ብዬ ልጻፍለት?»

«ሌላ ምን ልትይው ነው?»

እናቴ የኋላውን ክፍል ግድግዳ ቀለም መቀባት ጀምራለች፤ እኔ አልጋ አስጠግኛለሁ። የምትመጣበትን ቀን አሳውቀን። የምቀበልህ እኔ ነኝ፣ በሚኒባሷ። አባባም እመጣለሁ ብሏል፤ ጋቢናውን ግን አይለቅልህም፣ አንተ ከኋላ ነህ።

የእህትህ ልጅ